14.88ን ፍለጋ፦ 10 ጊጋ የሚችል የፓኬት ማጣሪያ ስሰራ የያዝኩት ማስታወሻ

ቀን 1

እሺ ጀመርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሁለት ያገለገሉ ሰርቨሮች አሉኝ፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ሶኬት፣ በየሶኬቱ 10 ኮር፣ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ እያንዳንዳቸው ላይ ባለ ሁለት ፖርት የ10 ጊጋቢት ካርድ ተሰክቷል። አንደኛው ፓኬት (በኔትወርክ የሚጓዝ ትንሽ የዳታ እሽግ) ይተፋል (ጄኔሬተር እንበለው)፣ ሌላኛው ይቀበልና አይቶ መጣል ያለበትን ጥሎ የቀረውን በሁለተኛው ፖርት ይመልሳል። መሃል ላይ ስዊች የለም፣ ኬብሉ ከካርድ ወደ ካርድ ቀጥታ ነው፣ ምክንያቱም ቁጥር ሲጎድል የምጠረጥረው ነገር ባነሰ ቁጥር ይሻለኛል። የምፈልገው ደግሞ ክፍት ሶርስ በሆኑ ቱሎች ብቻ፣ በትንሹ ፓኬት፣ ሙሉ 10 ጊጋ፣ አንድም ሳይወድቅ።

10 ጊጋ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ፋይል ኮፒ ማድረግ ነው። እሱማ ቀላል ነው፣ ፓኬቱ 1518 ባይት ከሆነ በሰከንድ 812 ሺ ምናምን ፓኬት ነው የሚመጣው። ጉዱ ያለው ትንሹ ላይ ነው። 64 ባይት የሆነ ፍሬም (ፓኬቱ ለገመዱ ሲታሸግ) ገመዱ ላይ ሲወጣ 84 ባይት ቦታ ይይዛል፣ 8 ባይት ፕሪአምብል (መጀመሩን የሚያሳውቅ ምልክት) አለው 12 ባይት ደግሞ በፍሬሞች መሃል የሚተው ክፍተት ነው። 84 ባይት ማለት 672 ቢት፣ 10 ቢሊዮንን ለ672 ስታካፍሉት 14.88 ሚሊዮን ፓኬት በሰከንድ። ለአንድ ፓኬት 67.2 ናኖሰከንድ ማለት ነው። የኔ ፕሮሰሰር በዚች ጊዜ ውስጥ 161 ሳይክል ነው ያለው። ዳታው ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ውስጥ ጠፍቶ ዋናው ሜሞሪ ድረስ መሄድ ካለበት ደሞ አንዱ ጉዞ ብቻውን ከ70 እስከ 100 ናኖሰከንድ ይበላል፣ በቃ አንዴ ሄዶ ሲመለስ ቀጣዩ ፓኬት በር ላይ ቆሟል። 67.2ን ወረቀት ላይ ጽፌ ሞኒተሩ ላይ ለጠፍኩት።

መነሻ እንዲሆነኝ ምንም ሳልነካ ሊኑክስ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ራሱ ፓኬቱን ፎርዋርድ እንዲያደርግ ሞከርኩት። በአንድ ኮር 1.1 ሚሊዮን በሰከንድ። ኤችቶፕ (የኮሮቹን ጫና የሚያሳይ ቱል) ላይ ኬሶፍትአይአርኪውዲ የሚባለው፣ ለከርነሉ ፓኬት የሚያስተናግደው ፕሮሰስ፣ አንዱን ኮር መቶ ፐርሰንት ይዞት ቁጭ ብሏል። ከርነሉ ሰነፍ ሆኖ አይደለም እኮ፣ ለእያንዳንዷ ፓኬት ኤስኬቢ የሚባለውን ትልቅ መዋቅር ይመድባል፣ ይሞላል፣ ፋየርዎል ጋር ይወስዳታል፣ ራውቲንግ ይጠይቅላታል፣ መጨረሻ ላይ ያፈርሰዋል። ለድር ሰርቨር ይሄ ሁሉ ያስፈልጋል፣ ለኔ ግን አያስፈልገኝም።

ማታውን ስለ ኔትማፕ፣ ፓኬትን በፍጥነት ለፕሮግራም ስለሚያደርስ ቱል፣ ሳነብ አመሸሁ። ሉዊጂ ሪዞ ፒሳ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የሰራው ነው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጽሁፍ ላይ 14.88ን በአንድ ኮር፣ ያውም ኮሩን ወደ 900 ሜጋኸርዝ አውርዶት ነው የሞላው። እኔ 40 ሎጂካል ኮር ይዤ 1.1 ላይ ነኝ። ተኛሁ።

ቀን 2

ዲፒዲኬ። ለማታውቁት ባጭሩ፣ ከርነሉን ከመንገዱ ታስወጡትና ካርዱን የናንተ ፕሮግራም ራሱ በቀጥታ ያዘዋል፣ ኢንተራፕት (ካርዱ ፕሮሰሰሩን አቋርጦ መጥራቱ) የለም፣ ሲስተም ኮል (ከርነሉን ስራ መጠየቅ) የለም፣ ፕሮግራሙ ሳይታክት "መጣ? መጣ? መጣ?" እያለ የካርዱን ኪው (የፓኬት ወረፋ) ይጠይቃል፣ ሲያገኝ ደግሞ እስከ 32 ፓኬት ባንዴ ያፍሳል። ኢንቴል ውስጥ ተጀምሮ በ2013 እ.ኤ.አ. የራሱ ክፍት ማህበረሰብ ተመሰረተለት፣ ከ2017 ወዲህ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ስር ነው ያለው።

ቢልዱ ምንም አላስቸገረኝም፣ ሚሶን፣ ኒንጃ (መገንቢያ ቱሎች ናቸው)፣ አለቀ። ቀጥሎ ሃጅፔጅ (ትልልቅ የሜሞሪ ቁራሽ)፣ ከርነሉ ሜሞሪን በ4 ኪሎባይት ቁራሽ ነው የሚያከፋፍለው፣ በዛ መጠን ከሄድን ፕሮሰሰሩ የአድራሻ መተርጎሚያ ሰንጠረዡን እየሞላ እያፈሰሰ ጊዜው ያልቃል፣ ስለዚህ በ1 ጊጋባይት ቁራሽ እንዲሰጠኝ ቡት ላይ ነገርኩት። ከዛ ካርዱን ከከርነሉ ድራይቨር ነጥቆ ለቪኤፍአይኦ (ካርዱን ለተራ ፕሮግራም የሚያስረክብ ድራይቨር) መስጠት ነው። እዚህ ጋ መጀመሪያ የሚያይ ሰው ይደነግጣል፣ ፖርቱ ከኢንተርፌስ ዝርዝሩ ላይ ድምጥማጡ ይጠፋል። አይፒ የለ፣ ሊንክ የለ፣ ቲሲፒደምፕ (ፓኬት ማያ ቱል) የለ። የጠፋ መስሎኝ ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁት፣ አረ ጤነኛ ነው፣ በቃ ከርነሉ አያየውም።

ቴስትፒኤምዲን (ከዲፒዲኬ ጋር የሚመጣ መሞከሪያ ፕሮግራም) አስነሳሁት፣ "ምንም ኢተርኔት ዲቫይስ አላገኘሁም" አለኝ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ባዮስ ውስጥ አይኦኤምኤምዩ (ካርዱ የትኛውን ሜሞሪ መንካት እንደሚችል የሚቆጣጠረው ክፍል) ጠፍቶ ነበር። አበራሁት፣ ገባ።

ቀን 3

መጀመሪያ ጄኔሬተሩን አመንኩት ወይስ አላመንኩትም የሚለውን መለስኩ። የራሱን አንድ ፖርት ከራሱ ሌላ ፖርት ጋር አያይዤ ፒኬቲጄን (ፓኬት ላኪ ፕሮግራም) በዲፒዲኬ ላይ አስነሳሁ፣ 14.88 ላከ 14.88 ተቀበለ። ይሄን ሳያደርጉ ሌላውን ማሽን መክሰስ የለም። (ቲሬክስ የሚባለውም አለ፣ ከሲስኮ የወጣ፣ ለውስብስብ ትራፊክ አሪፍ ነው፣ ለዚህ ግን ይበዛብኛል።) እግረ መንገዴን ሁለቱም ማሽን ላይ ተርቦውን (ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ራሱ የሚጨምርበትን) አጥፍቼ የሲፒዩ ገቨርነሩን (የፍጥነት መቆጣጠሪያውን) ፐርፎርማንስ ላይ ቆልፌዋለሁ፣ ካለዚያ ዛሬና ነገ የሚወጣው ቁጥር አይወዳደርም።

ከዛ ቴስትፒኤምዲ፣ አይኦ ሞድ፣ ማለትም ፓኬቱን ሳይከፍት ከዚህ ፖርት ተቀብሎ በዚያ ይሰዳል፣ ከዚህ በላይ ቀላል ስራ የለም።

11.3 ሚሊዮን።

ኮር ጨመርኩ፣ 11.3። ሪንጉን (ፓኬት ተራ የሚጠብቅበትን ክብ ወረፋ) አሳደግኩ፣ 11.3። በርስቱን (ባንዴ የሚታፈሰውን ብዛት) ቀየርኩ፣ ያው 11.3። ቁጥር እንዲህ ግትር ሲል ሶፍትዌር አይመስለኝም፣ ሶፍትዌር ቢሆን ትንሽ ሲነካ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሌላም ፍንጭ ነበር፣ ፕሮግራሙ ካርዱን ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው፣ ማለትም ኮሩ ስራ ፈቷል፣ ካርዱ ላይ ያለው "አመለጠኝ" የሚለው ካውንተር ግን እየጋለበ ነው። ኮሩ ስራ ፈቶ ካርዱ ላይ ከፈሰሰ የታነቀው መሃላቸው ያለው ነገር ነው።

በዚህ ነገር ከኔ በፊት የተላጠ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ገና ሳልጨርስ "ስሎቱን አይተኸዋል?" አለኝ።

"የቱን ስሎት?"

"ካርዱ የተሰካበትን ነዋ። ርዝመቱን ሳይሆን ውስጡን።"

ኤልኤስፒሲአይን (የተሰኩ ካርዶችን የሚዘረዝር ትእዛዝ) በዝርዝር አስወጣሁት። ካርዱ የሚችለው ስፋት 8፣ አሁን ያለበት ስፋት 4፣ አጠገቡ በቅንፍ "ዝቅ ብሏል" ይላል። ስሎቱ ሲታይ የ8 ርዝመት አለው፣ ውስጡ የተዘረጋው ሽቦ ግን ባለ 4 ነው። ሁለተኛ ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ) በአንድ ሌን (መስመር) 4 ጊጋቢት ነው የሚወጣው ከኢንኮዲንጉ በኋላ፣ በ4 ሌን 16 ጊጋቢት፣ "ለ10 ጊጋ በቂ ነው እኮ" የሚያስብል ቁጥር ነው። ችግሩ 64 ባይት ፓኬት ባሱ ላይ 64 ባይት ሆኖ አይጓዝም፣ የራሱ ሄደር አለው፣ ዲስክሪፕተር (ፓኬቱ የት እንዳለ የሚናገር መዝገብ) ይጻፍለታል፣ መልሼ የምልከውን ደግሞ ካርዱ ከሜሞሪ ለማንበብ ጥያቄ ያቀርባል፣ ሁሉም በዚያችው መንገድ ነው የሚያልፈው። ትልቅ ፓኬት ብልክ ኖሮ ይሄ ነገር በፍጹም አይታየኝም ነበር።

ካርዱን ነቅዬ እውነተኛ ባለ 8 ስሎት ላይ ሰካሁት። ተደስቼ አስነሳሁት።

9.8።

ቀነሰ!! ከተሻለ ስሎት! ላፕቶፑን ዘግቼ ወጣሁ።

ቀን 4

ጠዋት ላይ ገባኝ፣ ሻወር ውስጥ ነው ማለት ያሳፍራል ግን እዛው ነው። ሰርቨሩ ባለ ሁለት ሶኬት ነው፣ እያንዳንዱ ስሎት ደግሞ ከአንዱ ሶኬት ጋር ነው የሚገናኘው። አዲሱ ስሎት የሁለተኛው ሶኬት ነው፣ እኔ ግን ፕሮግራሙን ያስቀመጥኩት ኮር 2 እና 3 ላይ፣ አንደኛው ሶኬት ላይ። ስለዚህ እያንዳንዷ ፓኬት ከካርዱ ወጥታ በሁለቱ ሶኬቶች መሃል ያለውን ድልድይ ተሻግራ፣ ታይታ፣ ተመልሳ ተሻግራ ነው የምትሄደው። ሲስ ዳይሬክቶሪው ውስጥ የካርዱን ኑማ ኖድ (የየትኛው ሶኬት እንደሆነ፣ ቆጠራው ከ0 ነው) ሳይ 1 ይላል። ሃጅፔጁም በሙሉ የተያዘው ኖድ 0 ላይ ነበር።

ሃጅፔጁን ኖድ 1 ላይ ያዝኩ፣ ኮሩን ወደ 12 ቀየርኩ።

14.88። በአንድ ኮር። ስክሪንሹት አንስቼ ለጓደኛዬ ላክሁለት፣ "አሁን ገና ስራ ልትጀምር ነው" ብሎ መለሰልኝ። ደስታ አይወድም ሰውየው።

ቀን 5

ልክ ነበር። ሳይከፍቱ ማሳለፍ ስራ አይደለም። የራሴን ፕሮግራም ጻፍኩ፣ መድረሻ አይፒውን አንብቦ ሰንጠረዥ ውስጥ ፈልጎ፣ የተከለከለ ከሆነ ይጥላል ካልሆነ ያሳልፋል። ለመፈለጊያ ዲፒዲኬ ውስጥ ያለውን ኤልፒኤም (ረጅሙን ገጣሚ ፕሪፊክስ፣ ማለትም የአድራሻ መነሻ፣ የሚፈልግ) ላይብረሪ ተጠቀምኩ። አሰራሩ ግልጽ ነው፣ የአድራሻው የመጀመሪያ 24 ቢት በቀጥታ ኢንዴክስ ይሆናል፣ 16.7 ሚሊዮን መደብ፣ እያንዳንዱ 4 ባይት፣ ድምር 64 ሜጋባይት፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ንባብ ብቻ፣ ከዛ በላይ የሚረዝም ፕሪፊክስ ከሆነ ሁለት። አንድ ንባብ! ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ሞከርኩት፣ 14.2። አሪፍ ነው ብዬ ልዘጋው ስል ጄኔሬተሩ ሁልጊዜ አንድ አድራሻ ብቻ እንደሚልክ ትዝ አለኝ። መድረሻውን ራንደም አደረግኩት።

5.1።

ይኸው ቀን 1 ላይ ያወራሁት ነገር። ሰንጠረዡ 64 ሜጋባይት፣ የፕሮሰሰሬ ሶስተኛ ደረጃ ካሽ 25 ሜጋባይት። አንድ አድራሻ ሲደጋገም ያቺ መስመር ካሽ ውስጥ ትሞቃለች፣ ራንደም ሲሆን ግን እያንዳንዱ ፍለጋ ማለት ይቻላል ዋናው ሜሞሪ ድረስ ይሄዳል። በአንድ አድራሻ የተለካ የራውቲንግ ውጤት ካያችሁ አትመኑ፣ የካሹን ፍጥነት ነው የለካው።

መፍትሄው ጉዞውን ማስቀረት ሳይሆን አንድ ላይ መላክ ነው። ካርዱ 32 ፓኬት ባንዴ ይሰጠኛል፣ ቀድሞ አንዷን ወስጄ ጨርሼ ወደ ቀጣይዋ ነበር የምሄደው፣ አሁን መጀመሪያ የ32ቱንም የሰንጠረዥ ቦታ ፕሪፌች (ቀድመህ አምጣ) አዝዤ ከዛ ከመጀመሪያዋ ጀምሬ አነባለሁ፣ ሜሞሪው አንዱን ሲያመጣ ሌሎቹም መንገድ ላይ ናቸው። በዚህ ብቻ 9.3 ገባ። የፍለጋው ኮድ ያው ነው፣ ቅደም ተከተሉ ነው የተቀየረው። ቪፒፒ የሚባለው (ሲስኮ ጀምሮት በ2016 እ.ኤ.አ. ኤፍዲ አይኦ በሚባለው ፕሮጀክት ስር ክፍት የሆነው) ይሄን ሃሳብ ጥግ ድረስ ወስዶታል፣ እስከ 256 ፓኬት በአንድ ቬክተር ይዞ አንዱን የስራ ደረጃ ለሁሉም ጨርሶ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው፣ በዚህ ደግሞ የፕሮሰሰሩ የኢንስትራክሽን ካሽም አይረበሽም።

ቀን 6

ከ9.3 ወደ 14.88 ለመድረስ ኮር መጨመር ነው፣ ካርዱ ፓኬቶቹን በአርኤስኤስ ወደ ብዙ ኪው ይበትናቸዋል። አራት ኪው ከፈትኩ፣ አራት ኮር ሰጠሁ። ውጤት፦ 9.3። ሶስቱ ኪው ላይ ዜሮ። ዜሮ!

የዚህኛው ጥፋት ፈጣን ነበር የተገኘው። አርኤስኤስ የሚበትነው የምንጭና የመድረሻ አይፒ እና ፖርት ሃሽ አድርጎ (ወደ አንድ ቁጥር ጨፍልቆ) ነው፣ ግን እኔ ለሃሹ ምን ምን እንደሚወሰድ ኮንፊጉን ባዶ ትቼዋለሁ፣ ስለዚህ ሁሉም ኪው 0። ሞላሁት፣ ተበተነ። ያው የሄደውና የተመለሰው አንድ ኪው ላይ እንዲያርፍ ከፈለጋችሁ የሃሹን ቁልፍ 6ዲ5ኤ የምትለዋን ሁለት ባይት እየደጋገማችሁ ሙሉት፣ ሲሜትሪክ ይሆናል፣ ኮኔክሽን ለሚከታተል ፕሮግራም ግድ ነው፣ ለኔ ለጊዜው አያስፈልግም።

አራት ኪው፣ አሁን 12.9። ለምን 12.9? የሰጠኋቸው ኮሮች 12፣ 13፣ 32 እና 33 ነበሩ። 12 እና 32 አንድ አካል ናቸው፣ ሃይፐርትሬድ፣ አንድን ኮር በሁለት ስም ነው የጠራሁት። 12፣ 13፣ 14፣ 15 አደረግኩ፣ 14.88 በራንደም አድራሻ። ሁለት እውነተኛ ኮር ራሱ ይበቃው ነበር።

እስካሁን የበላኝን ስቆጥር ስሎት፣ ሶኬት፣ ካሽ፣ መንታ ኮር። ዲፒዲኬ ላይ አንድም ባግ አላገኘሁም፣ ሰድቤው ግን ነበር።

ቀን 8

ትላንት ምንም አልሰራሁም።

ዛሬ አንድ የማይመቸኝ ነገር ላይ ቆሜያለሁ። ይሄ ማሽን ማታ ላይ አንድም ፓኬት ሳይመጣበት አራት ኮር መቶ ፐርሰንት ነው፣ ፖል ሞድ ማለት ይሄው ነው፣ ባዶውንም ይጠይቃል። ፋኑ ይጮሃል። ሌላው ደሞ ፖርቱ ከከርነሉ ስለተነጠቀ ኤአርፒ (ይህ አይፒ የማን ካርድ ነው የሚል ጥያቄ) መመለስ፣ ፒንግ መመለስ፣ ሁሉም የኔ ስራ ሆነ። ለአንድ ማጣሪያ ይሄ ሁሉ? ኤክስዲፒን ልሞክር።

ኤክስዲፒ ከርነሉን አያስወጣም፣ የናንተን ትንሽ የኢቢፒኤፍ ፕሮግራም ድራይቨሩ ውስጥ ገና ኤስኬቢ ሳይመደብ ያስኬዳል፣ ፓኬቷን አይታችሁ ጣል፣ አሳልፍ ወደ ከርነል፣ በመጣችበት መልስ፣ ወይ ወደ ሌላ ፖርት አዙር ትላላችሁ። ሊኑክስ 4.8 ላይ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው የገባው። ጣል ለሚለው ብቻ የኤክስዲፒ ሰሪዎች በ2018 ያወጡት ጽሁፍ በአንድ ኮር 24 ሚሊዮን ለክቷል፣ የነሱ ማሽን ከኔ የፈጠነ ነው ልብ በሉ።

የመጀመሪያው ፕሮግራሜን ቬሪፋየሩ መለሰው። ከርነሉ ውስጥ የሚሮጥ ኮድ ስለሆነ ከመጫኑ በፊት መስመር በመስመር ይመረምረዋል፣ የኔ ደግሞ የአይፒ ሄደሩን ከማንበቡ በፊት "ፓኬቷ እዚህ ድረስ ትረዝማለች ወይ" ብሎ ከመጨረሻዋ አድራሻ ጋር አላነጻጸረም። አንድ ኢፍ ጨመርኩ፣ ገባ። ሰዎች ቬሪፋየሩን ሲያማርሩ እሰማለሁ፣ እኔ ግን ይሄንኑ ስህተት ዲፒዲኬ ላይ ሰርቼው ማንም ምንም እንዳላለኝ ኮዱን ተመልሼ ሳይ አገኘሁት። የማንበቢያ ወሰን ሳላጣራ ከቀን 5 ጀምሮ ስሮጥ ነበር።

ጫንኩት፣ 1.9 ሚሊዮን ብቻ ጣለ። ቢፒኤፍቱል (የተጫኑ የኢቢፒኤፍ ፕሮግራሞችን የሚያሳይ ቱል) ጄኔሪክ ሞድ ላይ ነው ያለው ይለኛል፣ ማለትም ኤስኬቢ ከተመደበ በኋላ ነው የሚሮጠው፣ የመጫኛ ትእዛዙን ከድሮ ስክሪፕት ስገለብጥ ጄኔሪክ የሚለው አማራጭ አብሮ መጥቶ ነው። ኔቲቭ (ድራይቨሩ ውስጥ የሚሮጥ) አደረግኩት፣ በአንድ ኮር 11.2።

በዚሁ ስካር ላይ እያለሁ ሁሉንም የሚጥለውን ፕሮግራም በኤስኤስኤች ከሩቅ የገባሁበት ፖርት ላይ ጫንኩት። ቴርሚናሉ ዝም አለ። ሞኒተርና ኪቦርድ ተሸክሜ ሄድኩ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቀን 9

የጥቁር መዝገቡን (የተከለከሉትን አድራሻዎች) በሃሽ ማፕ (ፈጣን መፈለጊያ ሰንጠረዥ) አደረግኩት፣ በአንድ ኮር 7.4። እንግዲህ አራት ኮር ሲሆን ይሞላል ብዬ ጠበቅሁ፣ 8.9 ላይ ቆመ። አራት ኮር ሆነው የአንድ ኮር ከምናምን ስራ!

ፐርፍ (ጊዜው የት እንደሚባክን የሚለካ ቱል) አስነሳሁ። ከሁሉም በላይ ጊዜ የበላው አንድ መስመር ናት፣ "የተጣሉ" የምትለዋን ካውንተር በአንድ የምትጨምር። ካውንተሯ የጋራ ናት፣ አራቱም ኮሮች ያችኑ የካሽ መስመር "የኔ ነች የኔ ነች" እየተባባሉ ይነጣጠቃሉ፣ እያንዳንዱ ጭማሪ መስመሯን ከሌላው ኮር ካሽ እየነጠቀ ማምጣት አለበት። ስራው ሳይሆን ስራውን መቁጠሩ ነው የገደለኝ። ማፑን በየኮሩ የተለያየ ወደሚሆነው ዓይነት ቀየርኩት፣ ሲነበብ ብቻ ይደመራል። 14.88።

አንድ ነገር ላስታውስ፣ ኤክስዲፒ የጣለውን ቲሲፒደምፕ አያሳያችሁም፣ እሱ የሚያዳምጠው ከዛ በኋላ ነው። ኤክስዲፒ ቱልስ ውስጥ ያለውን ኤክስዲፒደምፕ ተጠቀሙ። ቪላን ታግ (ፓኬቷ የየትኛው ምናባዊ ኔትወርክ እንደሆነች የሚያሳይ ምልክት) ያለው ትራፊክ ስልክ ደግሞ ፕሮግራሜ ታጉን አያየውም ነበር፣ ካርዱ ራሱ አውልቆት ነው ወደ ጎን የሚያስቀምጠው፣ በኢትቱል (የካርዱ ማስተካከያ ትእዛዝ) ማውለቁን አጠፋሁት።

ቀን 10

መጣል ሰርቷል፣ ማዞር ቀረ። ያልተከለከለውን ወደ ሁለተኛው ፖርት አዙር አልኩት፣ ፕሮግራሙ አልተከፋም፣ ስህተት የለም፣ ሪተርን ቫልዩው ልክ ነው፣ ጄኔሬተሩ ጋ የሚደርስ ግን አንድም የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የራሴን ኮድ ሳገላብጥ ነበር። በመጨረሻ የኤክስዲፒ ሪዳይሬክት ኤረር ትሬስፖይንቱን (ከርነሉ ውስጥ ያለውን የስህተት መከታተያ ነጥብ) ሳበራ ስክሪኑ በስህተት ጎርፍ ሞላ። ለካ በዚህ ድራይቨር የመውጫው ፖርትም የኤክስዲፒ መላኪያ ኪው የሚዘጋጅለት እሱ ላይም ፕሮግራም ሲጫን ነው። ምንም የማይሰራ፣ ሁሉን አሳልፍ የሚል፣ ሁለት መስመር ፕሮግራም ሁለተኛው ፖርት ላይ ጫንኩ፣ ወዲያው ፈሰሰ። በአራት ኮር 14.88 ተቀብሎ፣ አጣርቶ፣ መለሰ። ኤአርፒና ፒንግ ከርነሉ ራሱ ይመልሳል፣ ትራፊክ ሲቆም ኮሮቹ ይተኛሉ፣ ፋኑም ዝም።

ስለዚህ ወስኛለሁ፣ ማጣሪያው ኤክስዲፒ፣ ጄኔሬተሩ ዲፒዲኬ። ያንን ግዙፍ የራውቲንግ ሰንጠረዥ ማስኬድ ቢኖርብኝ ወይ በአንድ ኮር ብዙ መጭመቅ ብፈልግ ወደ ዲፒዲኬ እመለሳለሁ። መሃላቸው ኤኤፍ ኤክስዲፒ አለ፣ ፓኬቷን ኮፒ ሳታደርጉ ወደ ፕሮግራማችሁ የሚያመጣ፣ በአራት ሪንግ የሚሰራ፣ እሱን ሌላ ጊዜ።

ቀን 11

ሌሊቱን ሲሮጥ አደረ። "አመለጠኝ" ካውንተር፦ 3,118። ከቢሊዮኖች ውስጥ ምንም አይደለም ትላላችሁ፣ እኔ ግን አንድም አይወድቅ ብያለሁ። ካውንተሩን በየ10 ሰከንዱ ስጽፈው ስለነበር መቼ እንደዘለለ ይታያል፣ ሰዓት በሞላ ቁጥር።

በየሰዓቱ ሎግ የሚጠቀልል ስራ አለ፣ ኮር 13 ላይ አርፏል። ጫና ሲበዛ የፓኬቱ ስራ ወደ ኬሶፍትአይአርኪውዲ ይተላለፋል፣ እሱ ደግሞ እንደማንኛውም ፕሮሰስ ተራ ጠባቂ ነው፣ ሎግ ጠቅላዩ ሲመጣ ኮሩን ይጋራዋል። ሂሳቡን ሰራሁት፣ አንዱ ኪው በሰከንድ 3.72 ሚሊዮን ይቀበላል፣ ሪንጉ 512 ነው፣ ስለዚህ 137 ማይክሮሰከንድ ዞር ከተባለ ሪንጉ ሞልቶ ይፈሳል። ዓይን ሳይጨፈን። ሪንጉን 4096 ማድረግ ይቻላል ግን ያ ሁሉ በፈር ካሹን ያጥለቀልቀዋል፣ 1024 አደረግኩትና አራቱን ኮሮች በቡት ላይ ከስኬጁለሩ (ስራን ለኮሮች ከሚያከፋፍለው) ለየኋቸው፣ አይአርኪውባላንስንም አጠፋሁት ኢንተራፕቱን በፈለገበት እንዳያዞርብኝ።

ቀን 12

8 ሰዓት። የተላከ 428,571 ሚሊዮን ምናምን፣ ካርዱ ያመለጠው 0። የተላከውን ወሰድኩ፣ ማጣሪያው ጣልኩ ያለውን ቀነስኩ፣ ጄኔሬተሩ ጋ ከተመለሰው ጋር አነጻጸርኩ፣ እኩል መሆን አለበት። አይደለም፣ የተመለሰው በ960 ይበልጣል። ጎደለ ቢለኝ ይገባኛል፣ እንዴት ይበልጣል?? ዳግም ቆጠርኩ፣ 960።

960 ለ8 ሰዓት፣ በሰዓት 120፣ በየ30 ሰከንዱ አንድ። ኤልኤልዲፒ! ማጣሪያው ማሽን ላይ ያለው ኤልኤልዲፒ ዲመን (ከጀርባ የሚሮጥ ፕሮግራም) በየግማሽ ደቂቃው "እኔ እዚህ ፖርት ላይ አለሁ" እያለ ለጎረቤቱ ሲያስተዋውቅ ያደረው ነው፣ ከርነሉን አላስወጣሁትም እኮ። ዲመኑን በሁለተኛው ፖርት ላይ አጥፍቼ ለአንድ ሰዓት ደገምኩት፣ ልዩነት 0።